ሙቅ አገር ሄጄ ብተኛ ድካሜ ይለቀኛል?

ጥያቄ፦ «የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ካለፈው የሰኔ ሂሳብ መዝጊያ ወዲህ ሰውነቴ የኔ አይመስለኝም። ጠዋት ስነሳም ደክሞኝ ነው። ድሮ ደንበኛ ሲጮህብኝ አዝን ነበር፤ አሁን ምንም አይሰማኝም። ስህተት አብዝቻለሁ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ሪፖርት በሚበዛበት ቀን ትንሽ ጫት ካልያዝኩ አልጨርስም። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ‹በርንአውት› ነው፣ መድኃኒቱም ፀሐይ ያለበት ሙቅ አገር ሄዶ ማረፍ ነው ይላል። የጅማ ዝናብና ደመናም ሰልችቶኛል። አሥር ቀን ሄጄ ዝም ብዬ ብተኛ ይለቀኛል? ሐዋሳ ይሻላል አርባ ምንጭ? ጓደኞቼ ዛንዚባር ይሉኛል፤ እኔ ግን ብዙ ብር የለኝም።»

ምላሽ፦ መሄድሽን እደግፋለሁ፤ የምትሄጂበትን ምክንያት ግን አልቀበለውም። ሙቀት የዝለት መድኃኒት አይደለም። አሥር ቀን መተኛትም ሰባት ዓመት የተጠራቀመውን አያወርድም። ደግሞ ጥያቄሽ መሐል ዘለል አድርገሽ ያለፍሻቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ መምታቱና ጫቱ። ከሐዋሳና ከአርባ ምንጭ ምርጫ ይልቅ እኔን ያሳሰቡኝ እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በርንአውትን አስገብቶታል፤ በበሽታነት ግን አልመዘገበውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። በሥራ ቦታ ለረዥም ጊዜ የቆየ ውጥረት መላ ሳይበጅለት ሲቀር ይመጣል። መልኩ ሦስት ነው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሥራ ብቃት መውረድ። አንቺ ሦስቱንም ጽፈሻል። ደንበኛ ሲጮህ ምንም አለመሰማትሽ ጥንካሬ እንዳይመስልሽ፤ ሁለተኛው ምልክት እሱ ነው። ስለዚህ ግምትሽ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን «ከሥራ ጋር የተያያዘ» የሚለውን ቃል ያዢልኝ። ምንጩ ሥራው ውስጥ ከሆነ ቦታ በመቀየር ብቻ አይደርቅም።

ድካም ሁሉ ደግሞ በርንአውት አይደለም። ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ የ33 ዓመት ሴት ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የደም ማነስን ነው። የወር አበባ ሲበዛ የሰውነት ብረት ቀስ በቀስ ያልቃል። ምግብ እንደበላን ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣታችንም አያግዝም፤ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲዛባም ልብ ይመታል፣ ሰው ይዝላል። ስኳርም እንዲሁ። ሄሞግሎቢኗ የወረደ ሴት ሐይቅ ዳር አሥር ቀን ብትተኛ ደሟ አይሞላም። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የስኳር ምርመራ አድርጊ። ወጪው ከአንድ ሌሊት የሎጅ አዳር አይበልጥም፤ ምናልባትም ጉዞውን ራሱ ያስቀርልሻል።

ሁለተኛው የሚያምታታ ነገር ድባቴ ነው። በግርድፉ መለያው ይሄ ነው፦ በርንአውት ከሥራው ጋር ተጣብቆ ይኖራል። እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ጓደኛ መጥቶ፣ ሳቅ ካለ አሁንም አንቺነትሽ አለ ማለት ነው። ድባቴ ግን እሑድንም ይወስዳል። ምንም ነገር ደስ አለማለት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ መቅረት፣ «እኔ ለማንም አልረባም» ማለት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የሚያስፈልግሽ ሕክምና ነው፤ ሽርሽሩ ይቆይ። ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ብቻሽን የትም አትሂጂ። ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ቅረቢ። ለዚህ አዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግሽም፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው።

አሁን ወደ ጫቱ። አልቆጣሽም፤ ጅማ ተቀምጬ በጫት መደንገጥ አያምርብኝም። ግን ምን እየሠራ እንደሆነ እወቂው። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ዝምድና ያለው ንጥረ ነገር ነው። ባንክ ስለምትሠሪ ይገባሻል፤ ጫት ጉልበት አይሰጥሽም፣ ያበድርሻል። ወለዱን ሌሊት ከእንቅልፍሽ ይቆርጣል። ጠዋት ደክሞሽ የምትነሺበት ምክንያት ግማሹ እዚህ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቡናው አለ። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ ወደ እጥፍ ይረዝማል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣች ሴት፣ አራት ሰዓት ላይ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብትል አይገርመኝም።

ይህን ያነሳሁት ለጉዞሽ ስለሚጠቅም ነው። ጫትና ቡና በአንድ ቀን አቁመሽ አውቶቡስ ላይ ብትወጪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ገሃነም ይሆኑብሻል። የካፌይን ራስ ምታት ካቆሙ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ይብሳል፣ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። ጫት ሲቆም ደግሞ መፍዘዝ፣ መነጫነጭና ቅዠት ይመጣል። ያኔ «እረፍቱም አልሠራልኝም» ብለሽ በሦስተኛው ቀን ትመለሻለሽ። እንዲህ ሆነው የተመለሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስለዚህ ጫቱን ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀድመሽ አቁሚ፤ ቡናውን በሳምንት አንድ ሲኒ እየቀነስሽ ከቀትር በፊት ብቻ አድርጊው።

ስለ ሙቀትና ፀሐይ ያነበብሽው ነገር መነሻው ሌላ አገር ነው። በሰሜን አውሮፓ በክረምት ፀሐይ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። ሰዉም በብርሃን እጦት ይደበታል፤ ወደ ሙቅ አገር ሲሄድ የሚያገኘው ነገር አለ። ጅማ ላይ ግን ረዥሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ደመናው ያበሳጫል፣ አልክድም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት ከተማ ነው። ያም ሆኖ ከደመናም ሥር ቢሆን የጠዋት ብርሃን የሰውነትሽን ሰዓት ለማስተካከል ይበቃል። ጠዋት ወደ ጅሬን አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነፃ ነው።

ሙቀቱ እንዲያውም ሊጎዳሽ ይችላል። እንቅልፍ እንዲይዘን የውስጥ ሙቀታችን ትንሽ መውረድ አለበት። ሌሊቱ ሲሞቅ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ቀዝቀዝ የሚለው የጅማ ሌሊት ለዚህ ከብዙ ቆላ ከተሞች ይሻላል። የሚገርመው ነገር፣ በዝለት ላይ ያለ ሰው በጣም የሚያስፈልገው እንቅልፍ ሆኖ ሳለ ኤር ኮንዲሽነር የሌለው ክፍል ተከራይቶ ጋምቤላ ሄዶ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

እረፍት ራሱ ምን ይሠራል? ኔዘርላንድ ውስጥ ረዥም ፈቃድ የወጡ ሠራተኞችን የተከታተለ አንድ ጥናት ነበር። ደኅንነታቸው ከፍ ያለው ስምንተኛው ቀን አካባቢ ነው። ሥራ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ይህ ማለት እረፍት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሦስት ቀን ያንሳል፣ አንድ ወር ደግሞ የሦስት እጥፍ ጥቅም የለውም ማለት ነው። የሚያሳርፈውም ከርቀቱ ይልቅ ሐሳብን ከሥራው መንቀል ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ሦስት ቀን ሶደሬ ሄጄ ነበር። ገላዬ ፍል ውሃ ውስጥ፣ ጆሮዬ ስልክ ላይ። ስመለስ ከሄድኩበት የባሰ ደክሞኝ ነበር፤ ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ወደ ቦታው እንምጣ። ዛንዚባርን ተይው። ባንክ ውስጥ ለምትሠሪ ሰው ስለ ምንዛሪ እኔ አልነግርሽም። ሐዋሳ ቆንጆ ናት፤ ግን «ሙቅ» ብለሽ ከሆነ ተሸውደሻል። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጅማ ጋር እኩያ ማለት ይቻላል። ከፍታ በየ100 ሜትሩ ሲወርድ ሙቀት የሚጨምረው በግማሽ ዲግሪ ትንሽ ዘለል ብሎ ነው። ሐዋሳ ዝናቡ ይቀንስልሻል እንጂ ሙቀቱ ያው ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ግርግሯን ትችያለሽ ወይ? ወንዶ ገነት ፍል ውሃው ጥሩ ነው። ደም ማነስ ከተገኘብሽ ግን ተጠንቀቂ፤ ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ስትወጪ ሊያዞርሽ ይችላል። ድሬዳዋ ከጅማ ሌላኛው ጥግ ናት፤ ጫት እያቆመ ላለ ሰው ደግሞ ድሬን አልመክርም።

የምመክርሽ አርባ ምንጭን ነው። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከጅማ በሦስት ዲግሪ ያህል ትሞቃለች። ይህ ለመለወጥ ይበቃል፣ እንቅልፍ ለማሳጣት አይበቃም። አልጋ ስትይዢ ሲቀላ ሳይሆን ሼቻ ይሁን። ሼቻ ከፍ ያለው ሰፈር ነው፤ ነፋሻማ ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተሽ አባያና ጫሞን፣ በመሐላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ ታያለሽ። ሲቀላ ገበያና መናኸሪያ ያለበት ስለሆነ ለምሳ ውረጂ፣ ለመኝታ ግን ተመለሺ። አልጋውን ከመክፈልሽ በፊት ከሥሩ ወይም ከጎኑ ሙዚቃ ቤት አለመኖሩን በዓይንሽ እዪ። ለሳምንት እይዛለሁ ብለሽ ተደራደሪ፤ ለሳምንት የሚይዝ ሰው ዋጋ ይቀነስለታል። ምግቡ አያስጨንቅሽ። ዓሣው፣ ሙዙ፣ ማንጎው እዚያው ነው።

መንገዱ በአዲስ አበባ ዞሮ መሄድን አይጠይቅም። በጭዳና በተርጫ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚያወጣ መንገድ አለ፤ ከሶዶ አርባ ምንጭ ቀጥ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ዳገትና ቁልቁለቱም ብዙ ነው። ሶዶ አድረሽ ብትቀጥዪ ይሻላል። ከመነሳትሽ በፊት በነበረው ቀን የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቂ፤ የባለፈው ወር ወሬ አይበቃም። ብቻሽን ባትሄጂም ደስ ይለኛል። ለከፋውን ሁሌ መመለስ ራሱ ሥራ ነው። እህትሽ ወይም የቆየች ጓደኛ ትሁን፤ የሥራ ባልደረባ ግን አይደለም። ከባልደረባ ጋር ሄዶ ስለ ማናጀር ሳያወሩ የዋለ ሰው አላውቅም።

ወቅቱ ከጥምቀት በኋላ ይሁን። የግማሽ ዓመቱ ሂሳብ ተዘግቷል፣ የበዓሉ ግርግር አልፏል፣ አርባ ምንጭም ደረቅ ናት። የበልጉ ዝናብ ገና መጋቢት ላይ ነው። አንድ ችግር አለ፤ ጥር የሰርግ ወር ነው። ፈቃድ መውጣትሽ ከተሰማ ሚዜነት፣ ድግስ፣ ዘመድ ጥየቃ ይከተላል። ቤተሰብ ጋ ሄዶ ሰርግ ማገልገል ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እረፍት ግን አይደለም። ቀኑን ለእናትሽ ብቻ ንገሪ።

ስለ ፈቃዱ፦ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለየሁለቱ ዓመት አንድ ተጨማሪ ቀን ይሰጣል። ሰባት ዓመት ስለሠራሽ በትንሹ 19 የሥራ ቀን አለሽ። ፈቃድን ሥራ ላይ እያሉ በገንዘብ መለወጥ አይቻልም፤ ስለዚህ «ቆይቶ ይከፈለኛል» አትበይ። አሥሩን ለዚህ ጉዞ ውሰጂ፣ ዘጠኙን ለሰኔ መዝጊያ ማግስት አስቀምጪ። ማናጀርሽ ካቅማማ አንድ ነገር አስታውሺው፤ የባንክ ሠራተኛ ረዘም ያለ ፈቃድ ወጥቶ ሌላ ሰው ቦታውን መያዙ ማጭበርበርን ለመከላከል የታወቀ ዘዴ ነው። «በርንአውት አለብኝ» ብለሽ ግን የሕመም ፈቃድ አትጠይቂ። በሽታ ስላልሆነ ሐኪም በሱ ስም ሊጽፍልሽ አይችልም። ምርመራው ድባቴ ወይም ሌላ ሕመም ካሳየ ጉዳዩ ይለያል። ያኔ ሕጉ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ ሌሎች ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ይፈቅዳል።

ብሩን በሚመለከት አቋሜ ደረቅ ነው። ለእረፍት ብድር አይወሰድም። የሠራተኛ ብድርም፣ የዕቁብ ብርም አይነካም። ተመልሰሽ ዕዳ የምትከፍዪበት ሥራ፣ ልትለቂው እንኳ ብትፈልጊ የማትለቂው ሥራ ይሆናል። ያለሽ ብር ለአምስት ሌሊት ብቻ ከበቃ አምስት ሌሊት ሂጂ፣ የቀረውን አምስት ቀን ቤትሽ ሁኚ። ለአንድም ሌሊት ካልበቃ ጅማ ቁጭ ብለሽም ይሆናል። ስልክ ዘግቶ ጅማ ላይ ማረፍ፣ ስልክ ከፍቶ ዛንዚባር ከመሄድ ይሻላል።

ስልኩ ዋናው ነገር ነው። ከመውጣትሽ በፊት የካዝና ቁልፍና የይለፍ ኃላፊነትሽን በጽሑፍ አስረክቢ፣ አስፈርሚ። የቅርንጫፉን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን መዝጋት አይበቃም፤ ከስልክሽ ላይ አጥፊው። የሚደውል ሰው አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም የምር እሳት ሲነሳ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ተኚ፣ ብዪ፣ ተራመጂ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ አትዋዪ፤ ሌሊቱን ያበላሽብሻል። ከሥራሽ ጋር የማይገናኝ አንድ ነገር እጅሽን ይያዘው። ዶርዜ ወጥተሽ ሸማኔዎቹን እዪ፤ ከፈለግሽ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ቁጥር የሌለበት ነገር ይሁን ነው የምልሽ።

መመለሻሽ ሰኞ አይሁን። ሐሙስ ሥራ ግቢ፤ ሁለት ቀን ሠርተሽ ቅዳሜና እሑድ ይደርሱልሻል። ከዚያ የመጣሽበትን ጉዳይ ለማናጀርሽ አንሺ። ደክሞኛል አትበዪው፤ እሱም ደክሞታል። አንድ የተለየ ነገር ጠይቂ። ለምሳሌ የዲፖዚት ማሰባሰብ ታርጌት ከዕለት ሂሳብ ሥራሽ ላይ ተደርቦ ከሆነ አንዱ ይነሳ፣ ወይም የወሩ መጨረሻ ሪፖርት ለሁለት ይከፈል። እንቢ ካለ ቅርንጫፍ ለመቀየር በጽሑፍ ጠይቂ። በሦስት ወር ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ስለ መልቀቅ ያን ጊዜ እናወራለን፤ ሌላ ሥራ በእጅሽ ይዘሽ። በዝለት መሐል ሥራ መልቀቅን አልደግፍም፤ የደከመ ጭንቅላት ትልቅ ውሳኔ አይችልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ቀርቷል። አርባ ምንጭ ወባ አለ። ጅማም አለ፤ «እኛ ለምደነዋል» የሚባለው ግን አይሠራም። በአጎበር ተኚ፣ ማታ ክንድሽን ሸፍኚ። ሐይቅ ውስጥ አትግቢ። ጫሞ አዞው አለ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ደግሞ ቢልሃርዝያ በቀንድ አውጣ አማካይነት ይተላለፋል፤ ቆዳን በስቶ ነው የሚገባው። ከተመለስሽ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ቁርጥማት ከጀመረሽ «ያ ድካም ተመለሰብኝ» ብለሽ አትተኚ። በዚያው ቀን የወባ ምርመራ አድርጊ።